የታፈነው ሃምባከር፦ የአንድ ፒካፕ የጉዳይ ጥናት

ጊታሩ የመጣው «የብሪጁን ፒካፕ አውጥተህ ሌላ ግጠምልኝ» ከሚል ጥያቄ ጋር ነው። ፒካፕ የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለውጠው፣ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል ያለው ክፍል ነው። ባለቤቱ ሮክ የሚጫወት ልጅ ነው። ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የተሻከረ ድምፅ) ነፍሱ ነው። ጊታሩ ላይ ሁለት ሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ)፣ አንዱ ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ ጋ፣ ሌላው አንገቱ ጋ፣ አንድ ቮሊዩም፣ አንድ ቶንና ባለ ሦስት ቦታ ስዊች አለ። ከዚህ ሌላ ጣጣ የለውም።

ቅሬታው ግን በዛ ያለ ነበር። በብሪጁ ፒካፕ ኮርድ ሲመታ ድምፁ ይድበሰበሳል፤ የትኛው ክር የቱ እንደሆነ አይለይም። ንጹህ ድምፅ ላይ ሲያደርገው ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። የአምፑን ትሬብል እስከ መጨረሻው ቢያዞረውም የሚጨመርለት ሽሽታ እንጂ ጥራት አይደለም። በዚያ ላይ ቮሊዩሙ ከፍ ሲል ያፏጫል። ክሮቹን በመዳፉ ይዞ ዝም ቢያሰኛቸውም ፉጨቱ አይቆምም።

«ችግሩ ማግኔቱ ነው» አለኝ። «ሴራሚክ ነው። አልኒኮ ያለው ይሁንልኝ።» ሴራሚክና አልኒኮ ሁለት የማግኔት ዓይነቶች ናቸው።

ይህ ፍርድ ጊታሪስቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይሰማል። ሴራሚክ ርካሽና ሻካራ፣ አልኒኮ ውድና ለስላሳ። እኔን ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ሴራሚክ የሚታማው ድምፅ ያሾላል ተብሎ ነው። የዚህ ልጅ ክስ ተቃራኒው ነው። ታፈነ በተባለ ፒካፕ ላይ ያለሰልሳል የሚባል ማግኔት ቢጨመርበት ምን ሊፈይድ? ስለዚህ አዲስ ከመግዛቱ በፊት ያለውን እንድንመረምረው ተስማማን። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፦ መመለስ የሚቻለው ለውጥ ይቀድማል፤ መመለስ የማይቻለው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ካስፈለገ።

ቁጥሮቹ

ቴስተሩን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ላይ አድርጌ ለካሁ። የብሪጁ ፒካፕ 15.2 ኪሎ ኦም አሳየ። የአንገቱ 8.1። ልጁ 15.2 ሲያይ ፊቱ በራ። «ኃይለኛ ነው ማለት ነው አይደል?»

ኃይለኛስ ነው። ግን ኦም ድምፅ አይደለም። ኦም የሚናገረው ሽቦው ምን ያህል እንደረዘመና ምን ያህል እንደቀጠነ ነው። ቀጭን ሽቦ በጥቂት ዙርም ብዙ ኦም ይሰጣል። የድሮዎቹ ሃምባከሮች የተጠመጠሙት በ42 ቁጥር ሽቦ ነው፤ መዳቡ ብቻውን 0.063 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ኦማቸውም 8 ኪሎ አካባቢ ነው። ሽቦው በሚጠመጠምበት በዚያው ፕላስቲክ ላይ ብዙ ተጨማሪ ዙር ማሳረፍ ሲፈለግ 43 ወይም 44 ቁጥር ይገባል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ሽቦው ይቀጥናል፤ 43 ቁጥር 0.056፣ 44 ቁጥር ደግሞ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በተለያየ ሽቦ የተሠሩ ሁለት ፒካፖችን በኦም ማወዳደር ስለዚህ ብዙም አያስኬድም።

የሚያስኬደው ኢንዳክታንስ ነው፤ ጥቅሉ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የሚቃወምበት መጠን ማለት ነው፤ የሚለካው በሄንሪ ነው። ይህን በሚለካ መሣሪያ፣ በኤልሲአር ሜትር፣ ሲለካ የብሪጁ 7.6 ሄንሪ፣ የአንገቱ 4.5 ሄንሪ ሆነ። ለማነጻጸር ያህል፣ የተለመደው የስትራቶካስተር ጊታር ዓይነት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ) በ2 እና በ3 ሄንሪ መካከል ነው የሚገኘው። 7.6 ትልቅ ቁጥር ነው። ቅሬታውን ሳልሰማ ይህን ቁጥር ብቻ ባየው ኖሮ «ይህ ፒካፕ ጨለም ያለ ነው» እል ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፒካፕ ብቻውን አይሠራም። ጥቅሉ ኢንዳክታንስ አለው። በጥቅሉ ውስጥ ጎን ለጎን የተኙት ሽቦዎች፣ ወደ አምፑ የሚሄደው ኬብልና የአምፑ መግቢያ ደግሞ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ፤ እዚህ በፒኮፋራድ የሚለካ) አላቸው። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ የሬዞናንስ ጫፍ ይፈጠራል። ፒካፑ ከጫፉ በታች ያለውን ድምፅ ያሳልፋል፣ ጫፉ አካባቢ ያለውን ጎላ ያደርጋል፣ ከጫፉ በላይ ያለውን ቶሎ ይቆርጣል። «ይሄ ፒካፕ ብሩህ ነው፣ ያኛው ጨለማ ነው» ስንል በአብዛኛው የምናወራው ስለዚህ ጫፍ ቦታና ቁመት ነው። ኢንዳክታንስ ወይም ካፓሲታንስ ሲጨምር ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል። ቁመቱን በዋናነት የሚወስኑት ደግሞ ቮሊዩምና ቶን ፖቶቹ (ማዞሪያዎቹ) ናቸው።

እንዲህ ያለ ብዙ ዙር ያለው ፒካፕ ለምን ይሠራል? ታሪክ አለው። የጊታር ኩባንያው የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር (Seth Lover) ለሃምባከሩ እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት ሲያመለክት ዓላማው የኤሌክትሪክ መስመርን እምምታ ማጥፋት ነበር፤ መብቱም በ1959 ተሰጠው። ኃይለኛ ፒካፕ የመጣው በኋላ ነው። ፒካፕ ሠሪው ዲማርዚዮ ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለውን ፒካፕ በ1972 ሲያወጣ አብዛኛው አምፕ የራሱ ዲስቶርሽን ብዙም አልነበረውም። አምፑን ለማስጨነቅ ጊታሩ ራሱ ጠንካራ ሲግናል መላክ ነበረበት። ዛሬ ግን ዲስቶርሽን በአምፑም፣ በፔዳሉም፣ በኮምፒውተሩም ሞልቶ ተርፏል። የዚህ ልጅ አምፕ ጌይን (ሲግናሉን የማጉላት መጠን) ከግማሽ በታች ነው የሚቀመጠው። ኃይሉን ሳይፈልገው የኃይሉን ዋጋ በጥራት እየከፈለ ነበር።

ኬብሉ

ልጁ የራሱን ኬብል ይዞ ነበር የመጣው። ወፍራም፣ በጨርቅ የተሸፈነ፣ ለዓይን የሚማርክ፣ 6 ሜትር። ለካሁት፦ 960 ፒኮፋራድ። በሜትር 160 ማለት ነው። ደህና የሚባል የጊታር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች የሚወርዱም አሉ። የፒካፑንና የአምፑን መግቢያ ወደ 140 ፒኮፋራድ ስንጨምርበት ድምሩ 1,100 ይሆናል። ከ7.6 ሄንሪ ጋር ሲሰላ ጫፉ 1,750 ኸርዝ ገደማ ላይ ያርፋል።

ለኤሌክትሪክ ጊታር 1,750 በጣም ዝቅ ያለ ነው። ፒኩ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ጥርት ያለ ድምፅ፣ ኮርድ ውስጥ ክርን ከክር የሚለየው ነገር፣ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው ያለው። ያ ሁሉ አምፑ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ትሬብል እስከ መጨረሻ ዞሮ ለውጥ ያላመጣውም ለዚህ ነው። አምፕ ያልደረሰውን ድምፅ አያጎላም። የሚያጎላው ያገኘውን ሽሽታ ነው።

ኬብሉን 3 ሜትር በሆነ፣ 270 ፒኮፋራድ በሚለካ ሌላ ኬብል ቀየርነው። ድምሩ 410 ሆነ። ጫፉ ወደ 2,850 ኸርዝ ገደማ ወጣ።

ልጁ አንድ ኮርድ መታ። ቆም አለ። ደግሞ መታ። ከዚያ ኬብሉን አገላብጦ አየው፤ ውስጡ የተደበቀ ነገር ያለ ይመስል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የጉዳዩ ዋና ነገር ይሄ ነው። ፒካፕ ለማብራት ከጥቅሉ ላይ ሽቦ መፍታት የሚባል ዘዴ አለ። ብዙዎች ይሞክሩታል። ኢንዳክታንስ በዙር ብዛት ካሬ ስለሚሄድ፣ ከዙሩ 10 በመቶ ሲፈታ ኢንዳክታንሱ 19 በመቶ ይወርዳል፤ ጫፉ ግን ወደ ላይ የሚወጣው 11 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኬብሉ የሰጠንን ለውጥ በመፍታት ለማግኘት ከዙሩ 40 በመቶ ገደማ መጣል ነበረብን። የተፈታ ሽቦ ደግሞ ተመልሶ አይጠመጠምም፤ ቢጠመጠምም እንደ ነበረው አይሆንም። ኬብል ግን ነቅሎ መሰካት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ስሌት የሚሠራው ኬብሉ በቀጥታ ወደ አምፕ ሲገባ ነው። መንገድ ላይ በፈር (ሲግናሉን ተቀብሎ አጠንክሮ የሚያሳልፍ ወረዳ) ያለው ፔዳል ካለ ፒካፑ የሚያየው እስከዚያ ፔዳል ድረስ ያለውን ኬብል ብቻ ነው። ረጅም ኬብል የግድ የሚያስፈልገው ሰው ይህን ያስታውስ።

ከፍታና ፖት

ፒካፑ ክሮቹን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ክሩን መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነን ስንለካ ክፍተቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። ኃይል ፍለጋ ከፍ ያደረገው ልጁ ራሱ ነው። በወፍራሙ ክር በኩል ወደ 2፣ በቀጭኑ በኩል ወደ 1.6 ሚሊሜትር አወረድነው። ከዚያ ፒካፑ ላይ ከየክሩ ሥር ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ እያዞርን የክሮቹን ድምፅ አስተካከልን። መድበስበሱ በከፊል እዚሁ ለቀቀ። ለዚህ ሥራ ካቻቢቴ ብቻ ይበቃል፤ ግን ሰው ሁሉ የሚዘለው እሱን ነው።

ፖቶቹ ላይ የተጻፈው 500 ኪሎ ኦም ነው። የተለካው ቮሊዩም 405፣ ቶን 430። ርካሽ ፖት እስከ 20 በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለቱ የታወቀ ነው። ሁለቱ ከአምፑ መግቢያ 1 ሜጋ ኦም ጋር ጎን ለጎን ተገናኝተው በፒካፑ ላይ የሚጥሉት ጭነት 173 ኪሎ ኦም ያህል ነው። 540 እና 550 የሚለኩ ሁለት ፖቶች መርጠን ስናስገባ 214 ሆነ። ይህ ጫፉን አያንቀሳቅሰውም፤ ቁመቱን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ለውጡ ይሰማል፤ ግን ለፖት ብቻ ተብሎ ጊታር ቢከፈት አልመክርም። እኛ የከፈትነው ለሌላ ሥራ ስለነበር ነው።

ፒካፑ ሲከፈት

ሌላው ሥራ አራት ሽቦ ማውጣት ነው። ሃምባከር ሁለት ጥቅል አለው። እዚህ ጊታር ላይ ሁለቱ ውስጥ ለውስጥ በተከታታይ ተገናኝተው፣ ወደ ውጭ የሚወጡት ሁለት ጫፎች ብቻ ነበሩ። አራቱንም ጫፍ ለየብቻ ካወጣናቸው ጥቅሎቹን በሲሪስ (በተከታታይ) ወይም በፓራለል (ጎን ለጎን) ማገናኘት እንችላለን። በፓራለል ኢንዳክታንሱ ወደ ሩብ ይወርዳል። እምምታ የማጥፋቱ ነገር ግን እንዳለ ይቆያል። አንዱን ጥቅል ዘግቶ በሌላው ብቻ መጫወትም ይቻላል፤ ያኔ ግን እምምታው ይመለሳል። ልጁ በዲስቶርሽን ስለሚጫወት ይህን ገና ከመነሻው ተውነው።

ፒካፑን ጨርቅ ላይ ገልብጬ አስተኛሁት። ዙሪያውን ጥቁር ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ፕላስተሩ ሲነሳ መጎተት የለበትም። ሙጫው ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሽቦ ደግሞ ከሰው ፀጉር ይቀጥናል። በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ ሞቅ እያደረጉ፣ ጫፉን በወረንጦ ይዞ፣ ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ መላጥ ነው። መጨረሻው ዙር ላይ ሲደረስ ቀላ ያለው መዳብ ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ጥፍር እንኳ መንካት የለበትም።

ከፕላስተሩ ሥር የሁለቱ ጥቅሎች መገናኛ ትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎባት ተገኘች። የጥቅሉ ቀጭን ሽቦ እዚያ ድረስ አይመጣም። ከፕላስቲኩ ጎን ላይ ወፈር ካለ ሽቦ ጋር ተበይዷል፤ እኛ የምንነካው ወፍራሙን ነው። መገናኛዋን ለይቼ አራቱን ጫፎች ለአራት ባለ ቀለም ሽቦዎች በየድኳቸው። አምስተኛው፣ ልባስ የሌለው ሽቦ፣ ከታችኛው የብረት ሳህን ጋር ተበይዶ በቀጥታ ወደ ግራውንድ ይሄዳል። እሱ ከጥቅሎቹ አንዱ ጋር ከተያያዘ ሳህኑ እምምታ መልቀም ይጀምራል።

አሁን የትኛው ጫፍ ፕላስ፣ የትኛው ማይነስ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀለም መመራት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቀለም አለው። ዘዴው ቀላል ነው። ቴስተሩን ኪሎ ኦም ላይ አድርጎ ከአንዱ ጥቅል ሁለት ጫፎች ጋር ማገናኘት። ከዚያ የብረት ካቻቢቴ የዚያ ጥቅል ብረቶች ላይ ማሳረፍ። ሲያርፍ ቁጥሩ ለአፍታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ዘለል ይላል። ወደ ላይ ከዘለለ ቀዩ ፒን የያዘው ጫፍ «ፕላስ» ይባል። ሁለተኛውን ጥቅልም እንዲሁ። በሲሪስ ሲገናኙ የአንዱ ማይነስ ከሌላው ፕላስ ጋር ይያያዛል። በፓራለል ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ። ይህ ከተሳሳተ ድምፁ ቀጥኖ በአፍንጫ እንደሚወራ ይሆናል፤ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

በቶን ፖቱ ፋንታ ሲጎተት የሚቀያየር፣ ከሥሩ ስድስት እግር ያለው ስዊች የተገጠመለት ፖት ገባ። ከውጭ ሲታይ ጊታሩ አልተለወጠም፤ የተቆፈረ ቀዳዳ የለም።

ሁለቱ ጥቅሎች ለየብቻ 7.7 እና 7.5 ኪሎ ኦም ናቸው። በፓራለል 3.8 ሆኑ። ኢንዳክታንሱ 1.9 ሄንሪ። ጫፉ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ወጣ፤ የሲንግል ኮይል ሰፈር ማለት ነው። የጥቅሎቹ የራሳቸው ካፓሲታንስ በፓራለል ሲሆን ስለሚጨምር፣ ኢንዳክታንሱ ሩብ ሆነ ተብሎ ጫፉ ሙሉ እጥፍ አይሆንም። ድምፁ ደግሞ ወደ ግማሽ ቮልቴጅ፣ ማለትም 6 ዴሲቤል ገደማ ቀነሰ።

ልጁ መጀመሪያ «ደከመ» አለ። ልክ ነው፣ ደከመ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ነገር ስናወዳድር የአምፑን ጌይን እያስተካከልን፣ ሁለቱም እኩል እስኪሰሙ ጠብቀን ነበር። ጆሮ ይታለላል። ጮክ ያለውን ሁሉ የተሻለ ይለዋል። ከመድረክ ጀርባ ከሚደረጉት የፒካፕ ክርክሮች ግማሹ፣ ባይ አልተሳሳትኩም፣ የድምፅ መጠን ክርክር ነው። ጌይኑ ተስተካክሎ ኮርዱን ሲመታው ስድስቱም ክሮች ዲስቶርሽኑ ውስጥ ተለይተው ወጡ። መጀመሪያ የፈለገው ይሄንን ነበር።

ማግኔቱ

«እሺ፣ አልኒኮስ?» አለኝ። ፒካፑ ክፍት ስለሆነ አለመሞከር ነውር ነበር።

ማግኔቱ ከጥቅሎቹ ሥር፣ በሁለቱ የብረት ረድፎች መካከል የተኛ ዱላ ነው። አንዱ ጎኑ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ነው። ሳህኑ ላይ ያሉትን አራት ትንንሽ ብሎኖች ላላ ካደረጉ ተገፍቶ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት የትኛው ጎን ወደየት እንደሚያይ በማርከር ምልክት አደረግሁበት፤ አዲሱንም በኮምፓስ አይቼ በዚያው አቅጣጫ አስገባሁት። ከተገለበጠ ፒካፑ ለብቻው ምንም አይሆንም። ስዊቹ መሃል ላይ ሲሆን ግን ከአንገቱ ፒካፕ ጋር ይጣላል፤ የሁለቱ ድምፅ እየተቃነሰ ይቀጥናል። አዲሱ ማግኔት ሁለቱንም የብረት ረድፎች መንካቱንም ማየት ያስፈልጋል። ክፍተት ካለ ኃይሉ ይባክናል።

አልኒኮ 5 ገብቶ ሲለካ ኢንዳክታንሱ ከ7.6 ወደ 7.9 ሄንሪ ከፍ አለ። ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ነው። አልኒኮ ከሴራሚክ ይልቅ እንደ ብረት ይሠራል፤ ከጥቅሎቹ ሥር ሲቀመጥ ኢንዳክታንሱን በጥቂቱ ይጨምራል። የማግኔት መስኩ ደግሞ ከሴራሚኩ ደከም ስለሚል ድምፁ ትንሽ ይቀንሳል። በአንድ ቃል፣ ፒካፑን ይባስ አጨለመው እንጂ አላበራውም። ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። አንድ ዓይነት ሙዚቃ በሁለቱም ማግኔት በቀጥታ ቀድተን፣ የድምፅ መጠናቸውን አስተካክለን፣ ስሙን ሳልነግረው አሰማሁት። የመረጠው ሴራሚኩን ነው።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለአልኒኮ ጠላት አይደለሁም፤ በሌላ ፒካፕ፣ በሌላ ጥቅል ላይ እኔም ራሴ የምመርጠው እሱን ሊሆን ይችላል። ግን ብቻውን ይሄን ያህል የሚለውጥ አይደለም። ሴራሚክ ሸካራ ነው የሚለው ስም የመጣው ብዙ ጊዜ ሴራሚክ የሚገባው ብዙ ዙር በተጠመጠመበት ወይም ርካሽ በሆነ ፒካፕ ውስጥ ስለሆነ ነው። ማግኔቱ የሌላውን ዕዳ ይከፍላል። ሴራሚኩን መልሰን አስገባነው።

ፉጨቱና ሰሙ

ፉጨቱ ሌላ ጉዳይ ነበር። ክሩ ተንቀጥቅጦ አምፑ ጋ ሄዶ የሚመለሰው ድምፅ ሙዚቃ ነው፤ ሮክ ተጫዋች ይፈልገዋል። ያኛው ሹል ፉጨት ግን ከክሩ አይመጣም። ክሮቹ ተይዘው የሚቀጥለውም ለዚህ ነው። ጥቅሉ ውስጥ የላላ ሽቦ ወይም የላላ ብረት በአምፑ ድምፅ ይንቀጠቀጥና ያንኑ ራሱ ወደ ሲግናል ይለውጠዋል። ፒካፑ ማይክሮፎን ሆነ ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ የካቻቢቴውን የፕላስቲክ እጀታ ፒካፑ ላይ ቀስ ብዬ ነካ ነካ አደረግሁ። ከአምፑ በር የተንኳኳ ያህል ተሰማ። ጠጋ ብዬ ስናገርማ ድምፄ ራሱ ወጣ።

መድኃኒቱ ሰም ነው። ፓራፊን 80 በመቶ፣ የንብ ሰም 20 በመቶ። የንብ ሰሙ የሚገባው ፓራፊን ብቻውን ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጠቅ ነው። ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል። ሰም ሲግል ይቀጣጠላል፤ ቀልድ አይደለም። ቴርሞሜትር የግድ ነው። ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። ከዚያ በጣም ካለፈ የጥቅሉ ፕላስቲክ መጣመም ይጀምራል፤ የተጣመመ ፕላስቲክ ደግሞ ሽቦውን ይዞ ይሄዳል።

ወደ ሰሙ ከመግባቱ በፊት ከሳህኑ ሥር ያሉትን አራት ብሎኖች አጠበቅሁ። ሁለቱ ገና ከፋብሪካ ላልተው የመጡ ይመስላሉ፤ ከብሎኑ ረድፍ ሥር ያለችው የእንጨት ዘንግም በጣት ትንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ፒካፑ በሽቦው ተንጠልጥሎ ገባ። ወዲያው ትንንሽ አረፋ ከጎኑ መውጣት ጀመረ። ያ አረፋ በዙሮቹ መካከል የነበረው አየር ነው፤ ሰሙ ቦታውን እየያዘ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ አረፋው ሲያቆም አወጣሁት፤ ሳይቀዘቅዝ ትርፉን ጠረግሁት፤ አዲስ ፕላስተር ጠመጠምሁበት።

ሰሙን መጨረሻ ላይ ያደረግነው በዕቅድ ነው። ሰም የጠጣ ፒካፕ እንደገና መክፈት፣ ማግኔት ማውጣት፣ ሽቦ መነካካት ጣጣው ብዙ ነው። ማድረግ የሚፈለገው ነገር ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ሰም የፒካፑን ድምፅ ሕይወት ያሳጣዋል የሚሉ አሉ። ትንሽ ማይክሮፎንነት ያለው ፒካፕ በዝቅተኛ ድምፅ ሲጫወቱበት አየር ያለው መስሎ ስለሚሰማ አባባላቸው መሠረት የለውም አልልም። በዚህ ልጅ የድምፅ መጠን ግን ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሰሙ በኋላ እጀታው ሲነካካ የሚሰማው ትንሽ ጠቅታ ብቻ ሆነ። ፉጨቱ ጠፋ። ጌይኑን ከሚጫወትበት በላይ ከፍ አድርገን፣ አምፑ ፊት ለፊት ቆመን ሞከርነው። የመጣው የክሩ ድምፅ ነው፤ ክሮቹ ሲያዙ ያቆማል።

ጊታሩ የወጣበት ሁኔታ

የአንገቱን ፒካፕ አልነካነውም። በ4.5 ሄንሪ እሱ ድሮም ጤነኛ ነበር፤ ታፍኖ የቆየው በኬብሉ ነው። ልጁ ለእሱም አራት ሽቦ እንዳወጣለት ጠይቆኝ ነበር። አሁን የሚወደውን ድምፅ ይዞ ጥቂት ጊዜ ይጫወት ብዬ መለስሁት።

ስዊቹን የገጠምሁት ሳይጎተት ፓራለል፣ ሲጎተት ሲሪስ እንዲሆን ነው። የተለመደው ግጥሚያ ግልባጩ ነው። ግን ይህ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ኮርድ ነው የሚመታው፤ ሲሪሱን የሚፈልገው ለሶሎ ነው። ሶሎ ሲደርስ ቁልፉን ይጎትታል፤ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨመርለታል፤ መሃሉም ይወፍራል። ለዚህ ሲባል ፔዳል ረግጦ ድምፅ መጨመር አላስፈለገውም። አንድ የቀረ ችግር ግን አለ። ከሲሪስ ወደ ፓራለል ሲመለስ የድምፁ መውረድ ከሌሎቹ ጋር ሲጫወት ይታወቅበታል፤ ስለዚህ ሶሎው ካለቀ በኋላ ቁልፉን የሚገፋው ቀጣዩ ኮርድ ከመጀመሩ በፊት እንጂ መሃሉ ላይ እንዳይሆን እየተለማመደ ነው። ሊገዛው አስቦ የነበረው ፒካፕ ለጊዜው ቀርቷል። 6 ሜትሩ ኬብል ግን አልተጣለም፤ አሁን ከመጨረሻው በፈር ፔዳል ወደ አምፑ የሚሄደው እሱ ነው፤ እዚያ ቦታ 960 ፒኮፋራዱ ማንንም አይጎዳም።